መምህሩና የራሱ ስሜት፤ አና ፍሮይድ ለመምህራን ባደረጓቸው ንግግሮች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሳይኮአናሊሲስ በመምህራን መካከል ውይይት በተነሣ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አቋሞች ይንጸባረቃሉ። አንደኛው ወገን የተማሪውን ጠባይ ሁሉ፣ ማርፈዱንም ሆነ ዝምታውን፣ «የታፈነ ስሜት ውጤት ነው» በሚል ሐረግ ጠቅልሎ ያልፋል። ሌላው ወገን ደግሞ ይህ ትምህርት ለሀብታም ሕሙማን የተፈለሰፈ እንጂ ጠመኔ ይዞ ለሚቆም መምህር የሚበጅ አይደለም በማለት በደፈናው ይነቅፈዋል። ሁለቱም አቋሞች ተናጋሪውን ከምርምር ድካም ያድኑት ይሆናል እንጂ ተማሪውን አይጠቅሙም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ከመያዝ በፊት፣ ሳይኮአናሊሲስ በቀጥታ ለመምህራን የተናገረበትን አንድ ጽሑፍ መመርመር ተገቢ ነው። ጽሑፉ አና ፍሮይድ በቪየና ከተማ ያደረጓቸውና እ.ኤ.አ. በ1930 በጀርመንኛ፣ በ1931 በእንግሊዝኛ የታተሙት አራት ንግግሮች ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ንግግሮቹ ለማን ተደረጉ?

አና ፍሮይድ (1895–1982) የሳይኮአናሊሲስ መሥራች የሲግመንድ ፍሮይድ የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ወደ አባታቸው ሙያ ከመግባታቸው በፊት ግን በቪየና መምህርት ነበሩ፤ የማስተማር ሥራቸውን የተዉት በ1920 ነው። አድማጮቻቸው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ባቋቋማቸው የልጆች መዋያዎች የሚሠሩ አስተማሪዎች ነበሩ። ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚቆዩት በእነዚህ መዋያዎች ነበር። ስለሆነም ከንግግሮቹ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ከዕለት ሥራ የመነጨ ነው፤ ጠባዩ በቤቱ ተቀርጾ የመጣ ልጅ እጄ ላይ ሲወድቅ ምን ላደርግለት እችላለሁ? የሚል ነው።

2. የንግግሮቹ ፍሬ ነገር

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ንግግሮች ስለ ልጅ የስሜት ዕድገት ያብራራሉ። ልጅ በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ዓመታት ከእናቱ፣ ከአባቱና ከወንድም እኅቶቹ ጋር ያሳለፈውን ፍቅር፣ ቅናትና ፍርሃት ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ በመምህሩም ላይ ይደግመዋል። እነዚያ ዓመታት ባለቤቱ ሲያድግ ከትዝታው ይጠፋሉ፤ ነገር ግን ኅሊና በማያውቀው የአእምሮ ክፍል ውስጥ ሆነው ጠባዩን መምራታቸውን ይቀጥላሉ። መምህሩ ምንም ሳይበድለው የሚያምፅ ልጅ ብዙውን ጊዜ በመምህሩ አንጻር ቆሞ የሚከራከረው ከሌላ ሰው ጋር ነው።

አራተኛው ንግግር ሳይኮአናሊሲስ ለትምህርት የሚሰጣቸውን ሦስት አገልግሎቶች ይዘረዝራል። አንደኛ፣ ነባር የአስተዳደግና የማስተማር ዘዴዎችን ለመተቸት ይረዳል። ሁለተኛ፣ መምህሩ ስለ ሰው ልጅና ስለ መምህርና ተማሪ ግንኙነት ያለውን ዕውቀት ያሰፋል። ሦስተኛ፣ በአስተዳደግ ምክንያት የደረሰውን ጉዳት በሕክምና ለመጠገን ይሞክራል። እዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ ያለው የተሳሳተ ግምት ሊታረም ይገባል። አና ፍሮይድ ልጅን ያለ ልጓም ልቀቁት አላሉም። የአስተማሪው ተግባር በእያንዳንዱ የዕድሜ ደረጃ በመፍቀድና በመከልከል መካከል ተገቢውን ልክ ማግኘት መሆኑን ነው ያስረዱት።

3. የጽሑፉ ዋና ጥንካሬ

በዚህ ሂስ አቅራቢ አስተያየት የመጽሐፉ ዋጋ ያለው በአራተኛው ንግግር በተተረከው በአንድ ታሪክ ላይ ነው። አንዲት ወጣት በአሥራ ስምንት ዓመቷ በቤቷ ደስታ በማጣቷ ወጥታ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ የሦስት ወንዶች ልጆች አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች። መካከለኛው ልጅ በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረ፣ ዓይን አፋር፣ በቤተሰቡም ዘንድ ከወንድሞቹ ያነሰ ቦታ የተሰጠው ነበር። አስተማሪዋ ጉልበቷን ሁሉ በእርሱ ላይ አዋለች፤ ልጁም ወደዳት፣ ትምህርቱም ተሻሻለ፣ ወላጆቹም ያከብሩት ጀመር። ነገር ግን ልጁ በተሳካለት ማግሥት የአስተማሪዋ ፍቅር ቀዘቀዘ። ያለ በቂ ምክንያት ትጋጨው ጀመር፤ በመጨረሻም ሥራውን ትታ ሄደች።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ራሷ በሕክምና ላይ ሳለች፣ ምክንያቱ ታወቃት። እርሷም በልጅነቷ በቤተሰቧ ውስጥ እንደዚያ ልጅ ያልተወደደች ነበረች። በእርሱ ውስጥ ታየው የነበረው ራሷን ነበር፤ ለእርሱ ያሳየችውም እንክብካቤ ለራሷ የተመኘችው ነበር። ልጁ ሲወደድ ግን ከእርሷ ተለየ፤ እርሷ ያላገኘችውን እርሱ በማግኘቱም ሳታውቀው ቀናችበት።

ይህ ታሪክ ከሌሎች የሥነ ልቡና መጻሕፍት የሚለየው ትኩረቱ ከተማሪው ወደ መምህሩ በመዞሩ ነው። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው «የችግር ምንጭ» ተብሎ የሚጠናው ልጁ ነበር። እዚህ ግን ጥናቱ የሚጠይቀው መምህሩ ይህን ልጅ ለምን እንደ ወደደ፣ ያንን ደግሞ ለምን መታገሥ እንዳቃተው ነው። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚለው አባባል የፍቅርን ግዴታ ይናገራል፤ የአስተማሪዋ ታሪክ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የምንወደው ንፍጡን ብቻ ሊሆን እንደሚችልና ልጁ ሲጸዳ ፍቅራችን እንደሚያልቅ ያሳያል። ደካማ ተማሪን እጅግ የሚረዳ፣ ተማሪው ሲበረታ ግን የሚሸሸው መምህር በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊገኝ ይችላል።

4. የጽሑፉ ድክመቶች

ሀ) የማስረጃ ጉዳይ። የንግግሮቹ ድምዳሜዎች በአመዛኙ በነጠላ ታሪኮች ላይ የቆሙ ናቸው፤ ትርጉሙም የሚሰጠው ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህ ጉድለት በአባትየውም ሥራ ይታያል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1901 በታተመው፣ በዕለት ተዕለት ኑሮ ስለሚከሰቱ መርሳትና የአፍ ስሕተቶች በጻፉት መጽሐፍ፣ አንድ ወጣት የላቲን ግጥም በቃሉ ሲጠቅስ አንዲት ቃል የዘለለው ስለ ግል ጭንቀቱ ነው ብለው ተርጉመዋል። ኢጣሊያዊው የጥንታዊ ጽሑፎች ሊቅ ሴባስቲያኖ ቲምፓናሮ ግን በ1974 ባሳተሙት ሂስ ቃሏ ብትቀርም የግጥሙ መልእክት ብዙም እንደማይጎድል፣ ይህንም የመሰለ ግድፈት በጽሑፍ ገልባጮች ዘንድ የተለመደ መሆኑን አመልክተዋል። ከሰሌዳ የተገለበጠ ደብተር የሚያርም መምህር የቲምፓናሮን ክርክር በቀላሉ ይረዳል። ተማሪ አንድ ቃል በዘለለ ቁጥር የተደበቀ ምሥጢር መፈለግ አያስፈልግም፤ ዓይኑ ደክሞ ወይም ቃሉ እንግዳ ሆኖበት ሊሆን ይችላል።

ለ) የቤተሰብ ጉዳይ። ንግግሮቹ አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ የሚኖሩበትን የቪየና ቤት የሰው ልጅ ሁሉ ቤት አድርገው ይወስዳሉ። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በ1927 ባሳተሙት መጽሐፍ በትሮብሪያንድ ደሴቶች በልጅ ላይ ሥልጣን ያለው አባት ሳይሆን የእናት ወንድም መሆኑን በማስረዳት፣ የአባትና የልጅ ፉክክር በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ተቃውመዋል። በአገራችንም በአያት ወይም በአክስት ቤት ያደገ ልጅ፣ እንዲሁም ከወላጆቹ ርቆ በየኔታ ሥር የተማረ የቆሎ ተማሪ ወደ መምህሩ ይዞት የሚመጣው ታሪክ የተለየ ነው። ልጁ ታሪክ ይዞ ይመጣል የሚለው ሐሳብ እንደ ጸና ይቆያል፤ የታሪኩ ዓይነት ግን ከልጁ ኑሮ መጠናት እንጂ ከመጽሐፉ መቀዳት የለበትም።

ሐ) የመፍትሔ ጉዳይ። አና ፍሮይድ መምህር ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የራሱን ውስጣዊ ግጭቶች ማወቅና መቆጣጠር እንደሚገባው ያሳስባሉ፤ ለዚህም የታሰበው መንገድ መምህሩ ራሱ በሳይኮአናሊሲስ እንዲመረመር ነው። ይህ ዓመታት የሚፈጅና ወጪው ከፍተኛ የሆነ ሥራ በመሆኑ በሺሕ የሚቆጠሩ መምህራንን ለሚያሠለጥን ማንኛውም መንግሥት የሚቻል አይደለም።

5. የኋለኞቹ ጥናቶች ምን ይላሉ?

ማስረጃው ቢሳሳም የንግግሮቹ ማዕከላዊ ሐሳብ፣ ማለትም የመምህሩ ውስጣዊ አስተያየት በተማሪው ላይ ውጤት ያስከትላል የሚለው፣ በሌላ መንገድ ተፈትኗል። ሮዘንታልና ጃኮብሰን በካሊፎርኒያ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አድርገው በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጣ የተመረጡ ተማሪዎችን «በቅርቡ በትምህርታቸው ይልቃሉ» ብለው ለመምህራን ነገሩ። በዓመቱ መጨረሻ በተለይ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የተመረጡት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻል እንዳሳዩ ዘገቡ። ጥናቱ በመለኪያው ጉድለት ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል። ራውደንቡሽ በ1984 አሥራ ስምንት ተመሳሳይ ሙከራዎችን አነጻጽረው ሲመረምሩ፣ ውጤቱ የሚታየው በተለይ መምህሩ ተማሪዎቹን በሚገባ ሳያውቅ ግምቱ ሲነገረው መሆኑን አገኙ። ለዕቅድ አውጪዎች ይህ ትርጉም አለው። መምህሩ ልጁን ባወቀው መጠን ከሌላ ሰው የተቀበለው ስያሜ ኃይሉን ያጣል።

አና ፍሮይድም ቢሆኑ በንግግሮቻቸው ብቻ ተወስነው አልቀሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር በለንደን ባቋቋሟቸው የሕፃናት ማሳደጊያዎች፣ ብዛት ያላቸውን ሕፃናት በትናንሽ ቡድኖች ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት ቋሚ ሞግዚት መደቡ። በመጀመሪያ ቅናትና ጠብ በረከተ፤ ቆይቶ ግን ሕፃናቱ ተረጋጉ፣ ዕድገታቸውም ተፋጠነ። እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣው ጥልቅ ሕክምና ሳይሆን የሥራ አደረጃጀት ነበር።

6. ለእኛ መምህራንና ዕቅድ አውጪዎች

ሃምሳና ከዚያም በላይ ተማሪ የያዘ መምህር የእያንዳንዱን ልጅ የልጅነት ታሪክ ይመርምር ማለት በሥራው ላይ መሳለቅ ይሆናል። የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ግን ተጨማሪ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ መምህሩ በየወሩ የክፍሉን የስም መዝገብ ይዞ በሠላሳው ቀን ውስጥ ጨርሶ ያልጠራቸውንና ከሚገባ በላይ የተቆጣቸውን ተማሪዎች ለይቶ፣ ምክንያቱን ራሱን ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር «ሰነፍ» ወይም «አመለኛ» የሚል ስያሜ አብሮት አይዛወር፤ መምህራን የሚለዋወጡት የታየውን ድርጊት ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ በመምህራን ማሠልጠኛዎች የሚሰጠው የሥነ ልቡና ትምህርት የፍሮይድን ቃላት ከማስሸምደድ ይልቅ፣ ሠልጣኙ በልምምድ ትምህርቱ ወቅት አንድን ተማሪና ለዚያ ተማሪ ያለውን የራሱን ስሜት ጎን ለጎን መዝግቦ በውይይት እንዲያቀርብ ያድርግ።

በአንጻሩ መምህሩ ራሱን ሐኪም አድርጎ ተማሪውን ስለ ቤተሰቡ ምሥጢር መመርመርም ሆነ የአእምሮ ሕመም ስም ማውጣት አይገባውም። ይህ ከሙያው ወሰን ውጭ ከመሆኑም በላይ ልጁን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ሕክምና የሚያስፈልገው ተማሪ ለባለሙያ መተላለፍ አለበት።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ከአራቱ ንግግሮች ስለ ሕፃን ስሜት የቀረበው ንድፈ ሐሳብ ብዙ እርማት የሚሻ ሆኖ ይገኛል፤ ለመምህሩ የቀረበው ጥያቄ ግን አሁንም መልስ ይፈልጋል። በአስተማሪዋ ታሪክ ውስጥ ያ መካከለኛ ልጅ የተተወበትን ምክንያት አልነገሩትም፤ ምናልባትም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሳይገምት አልቀረም። በመዝገባችን ላይ ካሉት ስሞች መካከል የትኛው ልጅ እንዲህ እያሰበ እንደሚቀመጥ ለማወቅ፣ ከመዝገቡ በፊት ራሳችንን መመርመር ይኖርብናል።