ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ወጪ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ አዲስ አበባ ላይ አተት የገባ ጊዜ ነው። ጎረቤታችን የዘጠኝ ወር ልጇን የኩፍኝ ክትባት ልታስወጋ ስትነሳ ዝናቡ አላስወጣ አላት፤ እኔ ጃንጥላ ያዥ ሆኜ አብሬያት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የክትባት ክፍሉ ተቆልፏል።

“ሲስተርዬ፣ ዛሬ ክትባት የለም እንዴ?”

“የኔ እናት፣ ክትባት የምትሰጠው ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ነው የተመደበችው። እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በይ።”

በሚቀጥለውም ሳምንት ያው ነበር።

ሲስተሯን አልወቅስም። ሰው ግሉኮስ ተደርጎለት በሞትና በሕይወት መካከል ሲሆን ድንኳኑ ይቀድማል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ድንኳኑ ደረሰኝ አለው፤ ግሉኮሱም ደረሰኝ አለው። ሳይከተብ የተመለሰው ሕፃን ግን በማን ሒሳብ ይያዛል?

“ወረርሽኙ ስንት አስወጣ?” ሲባል የምንቆጥረው የገዛነውን ነው። ጤና ጣቢያው ሊሠራ ሲገባው የተወውን አንቆጥርም። ነርሷ አንድ ናት፤ ከክትባት ክፍል ወደ ድንኳን ስትዛወር ደመወዟ አልጨመረም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ምንም ወጪ የለም! ጉድ እኮ ነው።

ይሄ ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ በምዕራብ አፍሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። የዓለም ባንክ እንዳሰላው ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶውን በዚሁ በሽታ አጣች። አንድ ሐኪም ለማስተማር ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅ እኛም እናውቀዋለን። በዚህ አላበቃም። ሕክምናው በመስተጓጎሉ በወባ፣ በኤችአይቪና በሳንባ ነቀርሳ በተጨማሪ የሞቱት ከ10 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ተመራማሪዎች ገምተዋል። ኢቦላ ሳይነካቸው ኢቦላ ገደላቸው ማለት ነው። ክትባት ሲስተጓጎል ደግሞ ኩፍኝ ተከትሎ መጣ፤ ሌላ ዘመቻ፣ ሌላ በጀት።

ወደ ቤታችን እንመለስና፣ እኛ ያኔ የበሽታውን ስም እንኳ ለመጥራት እንፈራ ነበር። ኮሌራን “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” አልነው፤ እሱም ረዘመብንና “አተት” ብለን አሳጠርነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ሲገባባት የውጭ ገዢው ዓሣዋን ሸሸ፤ ቱሪስቱም ቀረ፤ ኪሳራዋ ወደ 770 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። ግን ዕዳ ስሙ ስለተለወጠ አይቀልም፤ ከፋዩ ብቻ ይለወጣል። ገበያውን አዳንን ስንል፣ ሒሳቡ ተንከባልሎ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ከዚያም እናትየዋ ጭን ላይ ያርፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ!

በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመለስ በስሙ ኮሌራ ተብሎ ተጠርቷል። ደግ ነው። ስሙን ከጠራን ዘንድ ሒሳቡንም እንጥራው። ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር፣ ከታመመውና ከሞተው ቁጥር ጎን ስንት ሕፃን ሳይከተብ እንደቀረ፣ ስንቷ እናት ቤቷ እንደወለደች ይጻፍ። ነርሷ ወደ ድንኳን ስትሄድ ማን እንደሚተካት አስቀድሞ ይታወቅ። ያኔ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት የቱን ያህል ርካሽ እንደሆኑ ራሱ ሒሳቡ ይነግረናል።

የጎረቤቴ ልጅ በሦስተኛው ምልልስ ተከተበ። በመጀመሪያው ቀን አጠገባችን ቆማ የነበረች፣ ከማዶ ሠፈር በዚያ ዝናብ በእግሯ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ሁለተኛውን ቀንም አይተናታል። በሦስተኛው አልመጣችም።