አደይ ብቻዋን፦ ስለ ጸደይ ግጥሞቻችን አስተያየት

ኪነ ጥበብ የተጨባጩ ሕይወት ነጸብራቅ ናት የሚለውን አባባል የማይቀበል ከያኒ በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ስለ ጸደይ የሚጻፉትን ግጥሞቻችንን በዚህ ሚዛን ስናያቸው ጉድለታቸው ወዲያው ይታያል። ወሩ ሁልጊዜ መስከረም፣ አበባው ሁልጊዜ አደይ፣ ቀለሙም ሁልጊዜ ቢጫ ነው።

አደይን ማወደስ አያስነቅፍም። በ«አበባየሆሽ» ዜማ ታጅባ የምትመጣው ይህች አበባ በጋሞ ደጋም ባለአገር ናት፤ ዮ ማስቃላ በሚከበርበት በመስከረም የጨንቻን ተዳፋት ታለብሳለች። ችግሩ የሚጀምረው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከጨንቻ ወርደን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አርባ ምንጭ ስንደርስ ነው። በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ የመስከረምና የጥቅምቱ ሁለተኛው ነው። የቆላው ዋና የአበባ ወቅት እንግዲህ በልግ ነው። ዝናቡ አፈሩን እንዳራሰ ስካዶክሰስ የተባለው ተክል ሽንኩርት ከመሰለው ሥሩ ኳስ የሚያህል ቀይ አበባ ይዞ ብቅ ይላል። ግሎሪዮሳ ደግሞ በቅጠሎቿ ጫፍ ቁጥቋጦውን እየጨበጠች ትወጣለች፤ ወደ ላይ የታጠፈው ቀይና ቢጫ አበባዋ ነበልባል ይመስላል፤ ሥሯ ግን ገዳይ መርዝ ነው። ለተውኔት ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ተምሳሌት ይቅረብለት?

የጥንቱ ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ወቅት ስም ነበረው። በእርሱ አቆጣጠር ጸደይ ማለት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ግን መፀው ይባላል። በኋላ የመጣው የጽሕፈት ልማድ ቃሉን ለመስከረም ሲሰጥ፣ የአርባ ምንጭ ጸደይ ስም አልባ ሆኖ ቀረ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. መድበሉን «እሳት ወይ አበባ» ብሎ ሲሰይም አበባው የሐሳብ ምልክት ነበር፤ ምልክትም የራሱ ሥልጣን አለው። ነገር ግን ከምድር የተነቀለ ምልክት በተከታዮች እጅ ይጠወልጋል። የአርባ ምንጩ ተማሪ በመጽሐፉ የሚያነበው ጸደይና በመስኮቱ የሚያየው ጸደይ ካልተገናኙለት፣ ግጥም የሌላ አገር ወሬ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛው የአበቦቹን ጋሞኛ መጠሪያ ከእረኛውና ከአዛውንቱ አፍ ይሰብስብ፤ መምህሩ የሚያዝያን አበባ በሚያዝያ ያሳይ፤ ገጣሚውም ከመጻፉ በፊት ምድሩን ይመልከት። በዚህ የአደይ ክብር አይቀንስም፤ እህቶቿን ታገኛለች እንጂ።