ድምሩ የሚደብቀው

ጭንቅላቱን የተጎዳ ሰው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላክ የሪፈር ወረቀቱ «ራሱን ስቷል» ወይም «ጂሲኤስ 9» ይላል። የመጀመሪያው አነጋገር ልቅ መሆኑ አያከራክርም፤ ሲጠሩት የሚነቃውም፣ ቢቆነጥጡት የማይነቃነቀውም ራሱን ስቷል ይባላል። ሁለተኛው ቁጥር ስለሆነ ጥርት ያለ ይመስላል። ብቻውን ሲቆም ግን ከቃሉ ብዙም አይሻልም። ሊጻፉ የሚገባቸው ሦስቱ ክፍሎች፣ ማለትም ዓይን፣ ንግግርና እንቅስቃሴ፣ ከታዩበት ሰዓት ጋር ናቸው።

ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት በ1974 እ.ኤ.አ. ጂሲኤስ የሚባለውን የግላስጎው መለኪያ ያወጡት፣ እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ የሚረዳቸው እንደ «ከፊል ኮማ» ያሉ ስሞች ቀርተው አልጋው አጠገብ የታየው ነገር እንዲመዘገብ ነው። የሦስቱ ክፍሎች ድምር የመጣው በኋላ ነው። ዛሬ ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጣል። እንግዲህ ዓይኑን ገልጦ ምንም ድምፅ የማያወጣ፣ ሲቆነጠጥም እጁን የሚያሸሽ ሰው 9 ያገኛል። ሲያመው ብቻ ዓይኑን የሚገልጥ፣ የሚያቃስት፣ እጁን ግን ወደሚያመው ቦታ የሚሰድድም 9 ያገኛል። የሁለቱ አንጎል በአንድ ሁኔታ ላይ አይደለም፤ ስለ ጉዳቱ ክብደት ይበልጥ የሚናገረው የእንቅስቃሴው ክፍል ደግሞ በድምሩ ውስጥ ይሰወራል። ፊቱ አብጦ ዓይኑ የተደፈነ ወይም የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት ሰውም አለ። ለእርሱ በዚያ ክፍል ዝቅተኛውን ነጥብ 1 መስጠት ያልታየውን እንደታየ መመዝገብ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. መለኪያው ሲሻሻል እንዲህ ያለው ክፍል «ሊለካ አልቻለም» ተብሎ እንዲጻፍ የተመከረውም ለዚህ ነው።

በእኛ አገር የንግግሩ ክፍል ሌላ አደጋ አለበት፤ ይህ በቂ ትኩረት አላገኘም ብዬ አምናለሁ። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ የሚናገር ታካሚ በአማርኛ «የት ነው ያለኸው?» ተብሎ ተጠይቆ ግራ ቢጋባ፣ የተለካው የተረኛው ቋንቋ እንጂ የታካሚው አንጎል አይደለም። አስታማሚ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ጠርቶ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው። የሚያስተረጉም ከጠፋም ያው በወረቀቱ ላይ ይስፈር።

በጥድፊያ ሰዓት አንድ ቁጥር ይቀላል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ 8ና ከዚያ በታች ሲሆን የአየር መተላለፊያውን በቱቦ ስለ መጠበቅ ማሰብ የተለመደው በድምሩ ነው። ድምሩ ይቅር አልልም። ሦስቱን ቁጥሮች አስቀድሞ መናገር የሚወስደው ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። «ሲቲ ስካን በሌለበት ይህ ሁሉ ዝርዝር ምን ይጠቅማል?» ለሚለው መልሴ በተቃራኒው ነው። በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም የሚጠራቀምበት ሰው መጀመሪያ ነቅቶ ሊያወራ፣ ከሰዓታት በኋላም ሊወድቅ ይችላል። መሣሪያ በሌለበት ይህን ቶሎ የሚያሳየው በየሰዓቱ የተጻፈው ለውጥና የዓይን ብሌኖቹ መጠን ነው። መጠጥ የሸተተ ታካሚ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ዝቅ ያለው ቁጥር በመጠጡ ተሳብቦ ከታለፈ፣ ሰውየው ተኝቶ እንዲበርድለት ሲጠበቅ ደሙ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። «ሰክሯል» ከመጻፍ ሦስቱን ክፍሎች ጽፎ ቶሎ ቶሎ ደግሞ መለካት ነው።