አባቴ ከመምጣቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር? «የበለስ ዛፍ»ን እንደገና ሳየው

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ እንደ ብዙዎቻችሁ የ«ሾራሺም» ሥራ ተሰጠኝ። የቤተሰብ ታሪክ ይጻፋል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ወላጆች ተጋብዘው ከግድግዳው ላይ ያነባሉ። አባቴን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «በሱዳን ስትመጡ ስንት ቀን ፈጀባችሁ?» አባቴ በሱዳን አልመጣም። በ1990 ከጎንደር በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባ፣ በኪራይ ቤት ወራት ጠበቀ፣ በ1991 በአውሮፕላን መጣ። እኔ ግን በረሃውንም፣ ጥሙንም፣ ሽፍታውንም አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። የጓደኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነበራ! መምህሯ በጣም ወደደችው። አባቴ ግድግዳው ፊት ቆሞ ቀስ ብሎ አነበበና «ጽሕፈትሽ ያምራል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ እንደገና ያየሁት «የበለስ ዛፍ» (በዕብራይስጥ «ዔጽ ተኤና») የተባለው ፊልም ነው። ጽፋ ያዘጋጀችው ዓለምወርቅ ዳቪዲያን ናት። በ2018 ወጣ፣ በዚያው ዓመት በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። ታሪኩ የሚሆነው በ1989 አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ጦርነቱም እየቀረበ ነው። ሚና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመውጣት ይዘጋጃል። የምትወደው ልጅ፣ ኤሊ፣ ክርስቲያን ነው፤ ወታደሮች ወጣቶችን ከየመንገዱ እያፈሱ ወደ ግንባር ስለሚወስዱ ተደብቆ ነው የሚኖረው። ሚና ከመሄዷ በፊት እሱን ማዳን ትፈልጋለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህ ፊልም ለእኛ ለምን እንደሚያስፈልገን ለማስረዳት ከእሱ በፊት የለመድናቸውን ፊልሞች ማስታወስ አለብኝ።

በ2005 የወጣውን የራዱ ሚሃይሊአኑን «ተሕዬ ቨቲህዬ» ብዙዎቻችሁ ክፍል ውስጥ አይታችሁታል። ሱዳን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ለማዳን እንደ አይሁዳዊ አድርጋ ወደ እስራኤል ትልከዋለች። ያስለቅሳል፣ እኔም አልቅሼበታለሁ። ግን ልብ በሉ፦ ፊልሙ የሚጀምረው ከካምፑ ነው። ከካምፑ በፊት የነበረው የልጁ ሕይወት መደበቅ ያለበት ምስጢር ነው፤ ምስጢር ደግሞ ዝርዝር አያስፈልገውም። እናትየዋ እናት ናት እንጂ የት መንደር እንደኖረች፣ በምን እንደምትተዳደር፣ ከማን ጋር እንደምትጣላ ብዙም ሳናውቅ ፊልሙ ያልቃል።

«ቀይ ቅጠሎች»ን (ባዚ ጌቴ፣ 2014) ከዚያ አስበልጣለሁ። መሠጋኞ የሚባለው አባት ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት ይዞራል፤ ከሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» የተነሣ ታሪክ ነው። አባትየውን የሚጫወተው አንጋፋው የኢትዮጵያ ተዋናይ ደበበ እሸቱ ነው። አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል፦ እዚህ አርጅቶ የኮራና የተከፋ የእኛን አባት ሆኖ እንዲታይ የተመረጠው ሰው ኑሮውንና የመድረክ ስሙን አዲስ አበባ ያፈራ፣ ወደ እስራኤል ያልፈለሰ ሰው ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አቋሙ ራሱ ስለ ቀድሞው ሕይወት የሚናገረው። ጽሑፉ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም። ሰውየው ድሮ የተከበረ እንደነበር እናያለን፣ በምን ሥራ እንደተከበረ ግን አይገባንም። ክብሩ እዚህ የሚሰበር ዕቃ ሆኖ ብቻ ነው የቀረበው።

በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ስለወጣው የሱዳን ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ፊልም ብዙ አልልም። ለወገኖቹ መንገድ የከፈተው ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከፈረደ አክሉም ነው። ፈረደ ከመሰደዱ በፊት ትግራይ ውስጥ መምህር ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ፣ ፈተና ያረመ፣ የተማሪ ወላጅ ያነጋገረ ሰው ማለት ነው። ሰው አደራጅቶ ማንቀሳቀስን ከየት አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ግማሽ እዚያ ያገኘው ነበር። ፊልሙ ግን ጊዜውን የሚሰጠው ለሞሳድ ሰዎች ነው።

እንግዲህ ከመምጣት በፊት የነበረው ዘመን በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የመጠበቂያ ክፍል ይመስላል። ሰዎቹ ተቀምጠው ኢየሩሳሌምን ይናፍቃሉ፣ ከዚያ ይነሣሉ፣ ይሄዳሉ። ናፍቆቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ አያቴ ወደ ኢየሩሳሌም ዞራ ስትጸልይ ያየሁት በዓይኔ ነው። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ የሄርጽል ተራራው መታሰቢያና በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን የሚደረገው ሥነ ሥርዓት የሚገባቸው ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ለምን ከናፍቆቱና ከጉዞው ሌላ ምንም አልተረፈም?

አንዱ ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ ወላጆቻችን ይጠየቁት የነበረው ጥያቄ ነው። ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት በ1973 ነው፤ መንግሥት የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል ያለው በ1975። ከዚያም በኋላ ጥያቄው አላለቀም። በዘመቻ ሙሴ የገቡት ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1985፣ ረባኑት በውሃ ተነክራችሁ ይሁዲነታችሁን አድሱ ብሎ ስለጠየቃቸው በኢየሩሳሌም መሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ወር ገደማ አድማ ተቀመጡ። «አይሁዳዊ ነህ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው «የገበሬ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ» ብሎ አይመልስም። ሰንበት እንዴት እንዳከበረ፣ ከማን ተለይቶ እንደበላ፣ ለኢየሩሳሌም ስንት እንደተሠቃየ ይናገራል። እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ግን ከእውነቱ የሚያስፈልገውን መርጦ ነው። እኛ ልጆቹ የተረከብነው ያንን የምስክርነት ቃል ነው። ሌላው ሕይወት ያልተጠየቀ ስለሆነ ሳይነገር ቀረ።

«የበለስ ዛፍ» ያንን ምስክርነት አይሰጥም፤ ማንንም ለማሳመን አይሞክርም። ከሞላ ጎደል ሙሉው በአማርኛ ነው፣ ያውም የሰፈር አማርኛ። ሰዎቹ ሊሄዱ ነው፣ ግን እስኪሄዱ ድረስ እየኖሩ ነው። ዳቪዲያን በልጅነቷ ነው ወደ እስራኤል የመጣችው፣ ፊልሙንም ከትዝታዋ ነው የሠራችው፤ ይህ ያስታውቃል። ልጅ የሚያስታውሰው ታሪካዊ ቀን አይደለም። የጓደኛ ወንድም አንድ ቀን ከመንገድ ጠፍቶ መቅረቱን ያስታውሳል።

ከሁሉ የበለጠ የነካኝ ግን ፍቅሩ የሚያመጣው ጥያቄ ነው። ሚና ልትድን ነው፣ ኤሊ አይድንም ይሆናል፤ መሄድ የምትችለው እሷ ስለሆነች ብቻ። የዓሊያ ታሪካችን እስካሁን ስለሚወጡት ሰዎች ነበር፣ በር ላይ ቆመው ስለሚሸኙት አልነበረም። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው መጣ ብለን እንኮራለን፣ ያኮራልም። ከዚያ ሁሉ ሰው ጀርባ ግን ደህና ሁን ሳይባል የቀረ ጎረቤት፣ ያልተመለሰ ብድር፣ የተተወ ፍቅረኛ አለ። ይህን ደፍሮ ያነሣ ሌላ የእኛ ፊልም አላውቅም።

ስለ ርእሱ አንድ ነገር ልበል። እዚህ «ተኤና» ሲባል በጓሮ ያለችው፣ ፍሬዋን በበጋ የምንለቅማት ዛፍ ትታሰበናለች። አማርኛው ደግሞ ያደናግራል፤ በብዙ ቦታ «በለስ» ሲባል እሾሃሙ፣ እዚህ «ጻባር» የምንለው ነው የሚመጣው። ኢትዮጵያ ውስጥ የዚያች ዛፍ ትልልቆቹ ዘመዶች ሾላና ዋርካ ናቸው። ዋርካ ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዕርቅ ይወርዳል፣ ዕድር ይመክራል። አገር የሚዳኝበት ዛፍ ላይ አንድ ልጅ ከአገሩ ጦር ተደበቀ ብላችሁ ስታስቡት ርእሱ ይከብዳል። ዕብራይስጡ ይህን አይሸከምም፤ አባቴ ግን ወዲያው ገባው።

ፊልሙ ጉድለት የለውም አልልም። በሚና ዓይን ስለሚያይ አዋቂዎቹ ጠዋት ተነሥተው ምን እንደሚሠሩ፣ እንጀራው ከየት እንደሚመጣ በደንብ ሳይገባኝ ነው የወጣሁት። ጦርነቱ በጣም ይጮኻል፤ ኑሮው አንዳንዴ ከሥሩ ይጠፋል። ለእኔ ደግሞ የጎደለኝ እሱ ነው፣ ሥራው።

ምክንያቱም የወላጆቻችን ሥራ ራሱ ታሪክ ነው። በጎንደር ዙሪያ ብዙው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም፤ የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ያካፍል ነበር። ወንዱ ቀጥቃጭ ወይም ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ወለቃ ላይ ለቱሪስት ይሸጡ የነበሩትን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በየሳሎኑ ታውቋቸዋላችሁ። ዋናው ሥራ ግን ምጣዱ፣ ድስቱና ጀበናው ነበር። ጎረቤቱ «ቡዳ ናቸው» እያለ ይፈራል፣ ልጁን ይደብቃል፤ ማታ ግን እንጀራውን የሚጋግረው እነሱ በሠሩት ምጣድ፣ የሚያርሰው እነሱ በቀጠቀጡት ማረሻ ነው። በ1975 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሚሉት ማሳ ደረሳቸው። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይተው ያንን ማሳ ጥለው ሄዱ። ጭሰኛ የነበረ ሰው ያገኘውን መሬት መልሶ ሲተው ምን ይሰማዋል? ይህን የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ ወረፋ ይዤ እገባለሁ።

«የበለስ ዛፍ»ን ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከአባቴ ጋር ነው። እስኪያልቅ ዝም አለ። አልቆ መብራት ሳበራ «ልጁ ያሳዝናል» አለ። እኔም ያኔ በሰባተኛ ክፍል ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት፦ «አባ፣ አንተስ ማንን ትተህ መጣህ?»

አንድ በሬ ብቻ ነበረው። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ ከአንድ ክርስቲያን ጎረቤት ጋር መቀናጆ ነበሩ፤ ያኛውም አንድ በሬ ነበረው፣ ሁለቱን ጠምደው ተራ በተራ አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ኖሩ። የገበሬ ማኅበሩን ገንዘብ የሚይዘውም ማንበብ ስለሚችል አባቴ ነበር፤ ይህንንም ያን ማታ ነው የሰማሁት። ወደ አዲስ አበባ ለመውረድ ሲወስን ለሰው አይነገርም፣ ለዚያ ሰው ግን ነገረው፤ በሬውንም ለሱ ሸጠለት።

«በስንት?» አልኩት።

«ግማሹን በእጄ ሰጠኝ፣ ግማሹን አዝመራ ሲገባ አለኝ።» ከዚያ ሳቀ። «እኔ አዝመራ ሲገባ አዲስ አበባ ነበርኩ። እስከ ዛሬ አለብኝ ይላል መሰለሽ?»

በሬውን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ጠየቅሁት። ቦራ ነበር አለኝ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። በጣቱ የራሱ ግንባር ላይ አሳየኝ።