«ምንም አይለኝም» ባዩ ታካሚ

ወታደርን «ያምሃል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። መልሱ ያው «ኧረ ምንም አይለኝም!» ነው። ሕመምን ዋጥ ማድረግ ለምዶበታል፤ ስለዚህ እኛ ሰው ሠራሽ እግር የምንሠራ ባለሙያዎች አፉን ትተን ቆዳውን እናያለን።

አዲሱን እግር አጥልቆ በመለማመጃው ብረት መሀል ጥቂት ይመላለሳል። ከዚያ አስወልቄ ካልሲውን እገፍፋለሁ። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት ቀላ ቢል ደግ ነው፤ ክብደቱን እንዲሸከም የምንፈልገው እሱ ነው። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የአጥንት ጉብታ ወይም የቅልጥሙ ጫፍ ቀልቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ ግን፣ ሰውዬው ቢዘፍንልኝም አልሸኘውም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ በጀሶው ቅርጽ ላይ ለብጠን የሠራነውን መያዣ፣ የጫነበትን ቦታ ብቻ እንደገና አሙቀን ወደ ውጭ እንገፋዋለን።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን ትራስ ነው። እናት ወይም ሚስት አዝናለትና ሳስታለት፣ ከጉልበት በታች ለተቆረጠው ልጅ ትራስ ከጉልበቱ ሥር ታደርግለታለች። ለጊዜው ሕመሙ ቀለል ይላል። ሳምንታት ሲያልፉ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፤ የማይዘረጋ ጉልበት ላይ ደግሞ የቱንም ያህል ጥሩ እግር ቢገጠም አያራምድም። ቁስሉ በደንብ የዳነ ሰው በዚሁ ሰበብ ለወራት ፊዚዮቴራፒ ሲመላለስ ይኖራል። ትራሱን ስነጥቅ ቤተሰቡ እንደ ጨካኝ ያየኛል። ይየኝ።

የመጠበቂያ ክፍላችን አግዳሚ ወንበር ላይ በ1970 ከኦጋዴን የተመለሱ አዛውንት፣ የ1990ው የድንበር ጦርነት ጎልማሶችና በ2013 የተጀመረው ጦርነት ወጣቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በየትኛው ወገን እንደነበሩ አንጠይቅም። አዛውንቶቹ ስንተኛ እግራቸው እንደሆነ ራሳቸውም ረስተውታል፤ እግሩ በየጥቂት ዓመቱ ያልቃልና።

ወጣቶቹ የሚደብቁት ሌላም ነገር አለ፦ የሌለው እግራቸው ያሳክካቸዋል፣ ያቃጥላቸዋል። የተቆረጠው ነርቭና አንጎል የሚፈጥሩት እንጂ እብደት አለመሆኑን ደጋግሜ ባስረዳ አንዱ እንኳ አላመነኝም። አንድ ቀን ከአዛውንቶቹ አንዱ የሆኑ ሃምሳ አለቃ ክራንቻቸውን ተደግፈው፣ «የኔ አውራ ጣት እኮ እስካሁን ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዘኛል» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከጎናቸው የነበረው ልጅ ቀና ብሎ አያቸውና «እኔን ተረከዜን ነው፣ አባባ» አላቸው።

አሁን አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ ቀጠሮውን ከሃምሳ አለቃው ጋር በአንድ ቀን አደርገዋለሁ።