ውኃ በግምጃ ቤት በስንት ዲግሪ ይፈላል?
ስለ ፊዚክስ የተግባር ትምህርት የቀረበ ሂስ

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ያልተማረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይገኝም። ይህንኑ በአዊ ዞን በግምጃ ቤት ከተማ በትክክለኛ ቴርሞሜትር ለክቶ ያገኘ ተማሪ ግን ሊኖር አይችልም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ሥፍራ የተቆረቆረች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃውም ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በደጋ ድንች ለማብሰል ብዙ ማገዶ የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ተማሪው ቴርሞሜትሩን በድስቱ ውስጥ አቁሞ 92 ያነባል፤ መጽሐፉን ይገልጣል፤ ከዚያም የጻፈውን ሰርዞ 100 ይላል። መምህሩም «ትክክል» ብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ተማሪው በእርግጥ አንድ ነገር ተምሯል፤ የተማረው ግን ፊዚክስ ሳይሆን የገዛ ዐይኑን መካድ ነው። በተግባር የተደገፈ ትምህርት ሲነሣ ዘወትር የሚሰማው ሮሮ የመሣሪያ እጥረት ቢሆንም፣ ከእጥረቱ የከፋው ጉድለት ይህ ነው፤ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ጥያቄው ተዘግቶ ያድራል።

የመሣሪያ እጥረት መፍትሔ ከተፈለገለት ቆይቷል። እንግሊዛዊው መምህር ጄ. ፒ. ስቲፈንሰን በጦርነት ለወደሙ አገሮች የሳይንስ መምህራን ያዘጋጀው አነስተኛ መጽሐፍ በዩኔስኮ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1948 ታትሟል፤ እርሱም እየሰፋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1956 ለታወቀው የሳይንስ ማስተማሪያ መድበል መሠረት ሆነ። ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ሚስማርና እንጨት ቤተ ሙከራ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳየ ሥራ ነው። በኢትዮጵያም በየአውራጃው የተቋቋሙት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ይህንኑ መንፈስ ተከትለው ከአካባቢ ከሚገኙ ቁሳቁሶች መርጃ መሣሪያ እንዲሠራ አበረታተዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መሣሪያው ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ለጎብኚ ታይቶ ወደ ቁም ሣጥን ሲመለስ፣ የተማረው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ለአዊ መምህር ቁሳቁስ ሩቅ አይደለም፤ ቀርከሃ በየደጁ ይበቅላል። አንድ ረዥም ቀርከሃ ለሁለት ተሰንጥቆ አንጓዎቹ ከተላጉ ለብይ የሚሆን ተዳፋት ቦይ ይወጣዋል። ጋሊሊዮ የወዳቂ አካላትን ጠባይ የመረመረው ይህን በመሰለ ቦይ ነበር፤ ጊዜውንም የለካው በሚፈስ ውኃ ነው። ተማሪዎች ከተበሳ ጣሳ የሚወርደውን ውኃ እየመዘኑ፣ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ብይዋ የምትጓዘው ርቀት አራት እጥፍ ገደማ መሆኑን ሊደርሱበት ይችላሉ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተሠራጨው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት በዚህ ረገድ የተለየ ሚዛን ይሻል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈጽሞ ሊያሳዩት የማይችሉትን ሙከራ በጥራት አሳይቷል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም በመስኮቱ የሚታየው ሙከራ ሁልጊዜ ይሳካ ነበር። ክሩ አይበጠስም፤ ንባቡ አይዛነፍም፤ ተማሪው «እስቲ ይደገም» ቢል የሚሰማው የለም።

ከ60 በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሙከራ ማካሄድ አይቻልም የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ ግን ለሁሉም ሙከራ አይሠራም። ለፔንዱለም ትምህርት አምስት አምስት ሆነው ለሚቀመጡ 60 ተማሪዎች የሚያስፈልገው 12 ክር፣ ጥቂት ድንጋይና ሰከንድ የሚቆጥር አንድ ሰዓት ነው። ቀመሩ በሰሌዳው ላይ ሳይጻፍ መምህሩ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ድንጋዩ ቢከብድ ውዝዋዜው ይፈጥናልን? አብዛኛው ተማሪ «አዎን» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ይቆጥራሉ። የአንድ ሜትር ክር 20 ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 40 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ድንጋዩ ቢቀየርም ያው ነው። ክሩ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያጥር ግን 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ግምታቸው የፈረሰባቸው ተማሪዎች ይከራከራሉ፤ ክርክሩም በአውኚ ወይም በአማርኛ ቢሆን ነውር የለበትም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ዘገባው በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ሐሳቡ ግን አፍ በፈታበት ቋንቋ ይብላላ።

ይህ ሁሉ መምህሩን ብቻ ተጠያቂ አያደርግም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ማጥቆር እንጂ መለካት አይጠይቅም፤ መምህሩም ለማይፈተን ነገር ክፍለ ጊዜ ቢነፍግ አይደንቅም። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ቤተ ሙከራ ማዘጋጀት እንደማይቻል የታወቀ ነው። ቢሆንም በወረቀት ላይም ቢሆን የለኪን አእምሮ መፈተን ይቻላል። በግምጃ ቤትና ዝቅ ብላ በምትገኘው በቻግኒ የተወሰዱ የውኃ መፍያ ንባቦች የከተሞቹ ስም ሳይጠቀስ በሰንጠረዥ ቢቀርቡ፣ የትኛው የየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ ከንባቦቹ መካከልም የትኛው በስሕተት እንደተመዘገበ ለይቶ ምክንያቱን መምረጥ፣ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ለማያውቅ ተማሪ ቀላል አይሆንለትም።