በሩ ሲከፈት

ውሻ እንዳሰለጥን ወደ ሰው ግቢ ስጠራ አስቀድሜ የማየው በሩን ነው። የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ዘበኛው ሮጦ ውሻውን ያስራል፤ በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ልቅ፤ በአዲስ አበባ ብዙ ግቢ ውስጥ የውሻ ኑሮ ይኸው ነው። ሰንሰለት ውሻውን ይይዘዋል እንጂ ራሱን መግዛት አያስተምረውም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ሲጎትት የዋለ ውሻ የተፈታ ለት የሚያቆመው የለም።

ሥራዬ የሚጀምረው በተጨበጠ እጅ ነው። የተቀቀለ ሥጋ እጨብጥና እጄን ወደ አፍንጫው አስጠጋለሁ። ይልሳል፣ ይቧጭራል፣ ይጮህብኛል። "ተው" አልለውም፣ እጄንም አላሸሽም፤ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ሰልችቶት ፊቱን መለስ ሲያደርግ ወዲያው "ጎበዝ!" ብዬ መዳፌን እከፍታለሁ። ዘሎ ሊነጥቀኝ ከመጣ መልሼ እጨብጣለሁ። ውሻው ቀስ እያለ ሥጋው የሚገኘው በመታገሥ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። በዱላ የተማረ ግን የሚታገሠው ዱላ የያዘው ሰው እስካለ ድረስ ነው።

"ጎበዝ" ጊዜዋን ከሳተች ትጎዳለች። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እንዳሳየው፣ ምግብ ሊመጣ ሲል ደጋግሞ የተሰማ ድምፅ ብቻውን የውሻውን ምራቅ ያመጣል። ቃሏም የምትሠራው እንዲሁ ነው። ዘግይታ ከወጣች ያመሰገናችሁት ፊቱን መመለሱን ሳይሆን ቀጥሎ መጮሁን ይሆናል።

ከዚያ ዓይን ይከተላል። ሥጋ የጨበጠውን እጄን ወደ ጎን እዘረጋለሁ። እጄን ያያል፣ ይጠብቃል፤ ምንም ሲያጣ ቀና ብሎ ዓይኔን ያያል። ከሥራዬ ሁሉ የምሳሳላት ቅጽበት ይቺ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ውሻና ባለቤቱ ረዘም አድርገው ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ ጨምሯል፤ ሰው ባሳደጋቸው ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። የማያውቃችሁን ውሻ ዓይን ግን አፍጥጣችሁ አትዩ፤ ለእሱ ጠብ መፈለግ ነው።

ወደ በሩ የምንሄደው ይህ ሁሉ ከያዘ በኋላ ነው። በሩ ገርበብ ሲል ውሻው ከተንደረደረ ይዘጋል፤ ቆሞ ካየን ይከፈታል። መጀመሪያ መንገዱ ጭር ሲል፣ ኋላ ሰው ሲያልፍ፣ ከሁሉ መጨረሻ በበዓል ሰሞን በግ ሲነዳ። ካልቻለ እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ቸኩለንበታል፣ አንድ ደረጃ እንመለሳለን።

ብዙዎች ውሻቸውን ለአሰልጣኝ አስረክበው፣ ሲያልቅ ሊረከቡ ይፈልጋሉ። እንዲያ ያለው ውሻ የሚያየው አሰልጣኙን ነው። ቤት ሲመለስ ስሙን አሥር ጊዜ ቢጠሩት ዞር አይልም። ስለዚህ እባካችሁ ሥጋውን እናንተው ጨብጡ። በሩን የሚከፍተው ዘበኛችሁም አብሯችሁ ይማር።